ፔዳሉን መቼ ነው የሚለቀው?

የዚህ ሁሉ መነሻ በቴሌግራም የመጣችልኝ አንድ ፎቶ ናት። የላከልኝ ፒያሳ አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው፣ አሁን ኑሮው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አካባቢ ነው፣ እና እዛ ጋራዡ ውስጥ ለሁለት ሰው የምትሆን አውሮፕላን በገዛ እጁ እየሠራ ነው። ክንፉ አልቋል፣ አካሉ አልቋል፣ ሞተሩ ደግሞ ከድሮ ማዝዳ አርኤክስ 7 መኪና ላይ የወጣ፣ 13ቢ የሚባል ፒስተን የሌለው ሮታሪ ሞተር ነው። ፎቶው ላይ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቱርቦ አለ (የሞተሩ ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑ ኮምፕረሰሩን ያዞራል፣ እሱ ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል)፣ ከስሩ "እስከ 500 የፈረስ ጉልበት ይችላል ይላል፣ ዋጋውም ቀንሷል፣ ልግዛው?" ብሎ ጽፎልኛል።

ሥራዬ ሞተር ነው፣ ቱርቦ ፈትቶ መግጠም ለኔ አዲስ አይደለም፣ ለመኪና ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር ጽፌ እገላገለው ነበር። ይሄ ግን ሰማይ ላይ ነው ሚሠራው፣ ከሞተሩ ኋላ የሚቀመጠው ደግሞ አብሮ አደጌ ነው። "ቆይ ላስብበት" አልኩት። ከዛ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ከለገሃር በቸርችል ሽቅብ ወደ ቤት ስሄድ እሱን ነው ማስበው፣ ማታ ስተኛም እሱን፣ ምክንያቱም መልሱን ከመፈለጌ በፊት ጥያቄው ራሱ የተጣመመ መስሎ ታየኝ። 500 ፈረስ ማን ጠየቀው?

ተራራው የወሰደው አየር

አዲስ አበባ ሞተር የነካ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብለን ነው ምንኖረው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ የጉልበቱን ሩብ ያህል ታች ጥሎ ነው ሚመጣው። ቀኑ ሞቆ 20 ዲግሪ ሲገባ ደግሞ አየሩ ይብስ ይሳሳል፣ ቦሌ ሜዳ ላይ ለመነሳት የቆመ አውሮፕላን ለሞተሩም ለክንፉም 3000 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው ሚሆንበት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣ ሚኒባስ ተቀምጦ ሞተሩ ሲያቃስት የሰማ ሰው ለዚህ ቁጥር አያስፈልገውም።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁሌም ፀሐይ ትመጣብኛለች። በፈረንጅ 1935 እዚሁ አገራችን ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን፣ ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችልን። ሞተሯ ዋልተር ቬነስ የሚባል ባለ 7 ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፣ ቱርቦ የለውም። ያንን 115 በኛ ከፍታ ስታሰላው ወደ 85 ይወርዳል። በዛች ጉልበት ከዚህ ደጋ መነሳቷ እስካሁን ያስደንቀኛል፣ ያኔ የሠሯት ሰዎች ያለቻቸውን እያንዳንዷን ፈረስ ቆጥረው ነው ያበረሯት።

ጓደኛዬ ያለበትም ደጋ ነው፣ ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ናት፣ ከአጠገቧ የሮኪ ተራሮች አሉ። እና የቱርቦ ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው እዛው ኮሎራዶ ነው። ስዊሱ አልፍሬድ ቡሺ በፈረንጅ 1905 ሃሳቡን በፓተንት አስመዝግቦ ነበር፣ በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ ኢንጂነር ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ጫፍ ላይ፣ 4300 ሜትር ድረስ ወጣ። ታች 350 ፈረስ ይሰጥ የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። እቺን ቁጥር ልብ በሏት እስኪ፣ ሞተሩን እጥፍ አላደረገውም፣ ተራራው የወሰደበትን መለሰለት፣ በቃ።

ለጓደኛዬ መጀመሪያ የጻፍኩለት ይሄንን ነው። ቱርቦን ሁለት ነገር ልታደርግበት ትችላለህ፣ አንዱ ሞተሩ ባህር ወለል ላይ ሆኖ ከሚያገኘው በላይ አየር መጠቅጠቅ ነው፣ ሌላው ከፍታ የቀነሰበትን ብቻ መተካት ነው። 13ቢ ባህር ወለል ላይ ያለውን ግፊት ካገኘ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ወደ 170፣ 180 ፈረስ ይሰጥሃል፣ ለሁለት ሰው አውሮፕላን ይሄ ከበቂም በላይ ነው። ከዛ በላይ መጠቅጠቅ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆነው፣ ብድሩን ደግሞ ሞተሩ ነው ሚከፍለው። ምክንያቱም ሮታሪ ብዙ ነገር ይችላል፣ ሲያንኳኳ ግን አይችልም። ነዳጁ ያለጊዜው ፈንድቶ ሞተሩ ካንኳኳ ውስጡ በሚዞረው ሮተር ጫፎች ላይ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ይሰበራሉ፣ የተሰበረው ቁራጭ በጭስ መውጫው ወጥቶ የት ይሄዳል? ቀጥታ የቱርቦው ተርባይን ላይ። አንድ ጥፋት ሁለት ዕቃ ይበላል።

እሳቱ ወዴት ይሄዳል

ሮታሪን የማታውቁ ካላችሁ በአጭሩ፣ ፒስተን የለም፣ ቫልቭ የለም፣ ሦስት ጎን ያለው ሮተር በእንቁላል ቅርጽ መሰል ቤት ውስጥ ይዞራል። 13ቢ ሁለት ሮተር አለው፣ የእያንዳንዱ መጠን 654 ሲሲ ነው፣ ድምሩ 1308። ወረቀት ላይ የትንሽ መኪና ሞተር ይመስላል ግን እያንዳንዱ ሮተር ዘንጉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ይተኩሳል፣ ስለዚህ አየር ሲስብ ሚስበው 2.6 ሊትር የሆነ መደበኛ ሞተር ሚስበውን ያህል ነው። በሊትር ብቻ አይቶ ቱርቦ የሚመርጥለት ሰው ከመነሻው የሚያፍነውን ነው ሚገዛለት።

ዋናው ጣጣ ግን የጭሱ መውጫ ነው። የጭስ ቫልቭ ስለሌለ መውጫው በአንዴ ነው ሚከፈተው፣ ጋዙ ገና እየነደደ ነው ሚወጣው፣ ከ900 ዲግሪ በላይ የሆነ ጭስ እዛ ጋ ብርቅ አይደለም። ሞተሩ ራሱ የሚቃጠል ቫልቭ የለውምና ሙቀቱን ይችለዋል፣ አውሮፕላን ሠሪዎች ከሚወዱለት ነገር አንዱ ይሄ ነው፣ ግን ያ እሳት አልጠፋም፣ ወደሚቀጥለው ዕቃ ተላለፈ እንጂ፣ የሚቀጥለው ዕቃ ደግሞ ቱርቦው ነው። አንድ ጥሩ ነገር አለው፣ የሮታሪ ጩኸት ከባድ ነው፣ ቱርቦው መሃል ሲገባ ድምፁን በደንብ ያበርደዋል፣ ጎረቤት ላለው ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እነዚህን እነዚህን ጽፌ ላኩለት፣ እሱም "ስለዚህ የትኛውን ልግዛ?" አለኝ። ልክ ነው፣ እስካሁን ያልኩት ምን አትግዛ የሚለውን ነው። ከዛ ነው ቱርቦ አዳሹን ለማናገር የወሰንኩት።

ተክለሃይማኖት

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ሽማግሌ የቱርቦ ሠራተኛ አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና ቱርቦ ነው ሚያድሱት፣ ዕቃ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ድረስ የእሳቸው ስም ነው ሚጠራው። ሄድኩ፣ ሻይ ታዘዘ፣ ስለ አውሮፕላን ላማክርዎት ነው የመጣሁት ስላቸው አልሳቁም፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ወረቀቴን ዘርግቼ የኮምፕረሰሩን ካርታ (ስንት አየር በምን ያህል ግፊት እንደሚሰጥ የሚያሳየውን ሥዕል)፣ የሞተሩን ዙር፣ የምፈልገውን ግፊት አስረዳኋቸው፣ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ልጄ" አሉኝ፣ "ይሄ የጓደኛህ አውሮፕላን ፔዳሉን መቼ ነው የሚለቀው?"

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። "እንዴት ጋሼ?" አልኳቸው።

ተነስተው ከመደርደሪያው ስር ሁለት የተርባይን ቤቶች አመጡ፣ ሁለቱም የአንድ ሞዴል ናቸው፣ ሁለቱም ጊዛ፣ ማለት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። አንደኛው ዝገቱ ካልሆነ ጤነኛ ነው። ሌላው ውስጡ ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቆች አሉት፣ አንዱ ስንጥቅ ደግሞ ጥፍር ያስገባል። "ይሄኛው እዚሁ ከተማ ድንጋይ ሚያመላልስ መኪና ነው" አሉኝ፣ "ይሄኛው የጅቡቲ መስመር ነው፣ ጭኖ ከአዋሽ ሲነሳ ጀምሮ ሽቅብ ነው፣ ሾፌሩ እግሩን ካሳረፈ አያነሳም፣ ቱርቦው ቀልቶ ነው አዳማ ሚደርሰው፣ ቀልቶ ነው እዚህ ሚገባው። የከተማው ይጋላል፣ መብራት ይይዘዋል፣ ይበርዳል። ዕቃው አንድ ነው፣ የቆየበት እሳት ነው የለያየው። አሁን የጓደኛህ መቼ ይለቃል?"

"አይለቅም ጋሼ" አልኳቸው። "ሲነሳ ሙሉ ነው፣ ሲወጣ ወደ ሙሉ ነው፣ ከዛ ሦስት አራተኛ ጉልበት ላይ አድርጎት ለሰዓታት ይሄዳል።"

"እንግዲያው የመኪና ቱርቦ አትጠይቀኝ" አሉ፣ "የጅቡቲ መስመር ቱርቦ ነው ምትፈልገው።"

እዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይሰማኝ ነበር። ቱርቦ ሲሸጥ የሚጻፍበት ቁጥር፣ ያ 500 ፈረስ ምናምን የሚለው፣ ለአጭር ጊዜ የሚያገኘውን ነው ሚነግርህ። የስፖርት መኪና ሙሉ ጋዝ የሚረገጠው ለሰከንዶች ነው፣ መንገድ ያልቃል፣ ማርሽ ይቀየራል፣ ፍሬን ይያዛል። የመኪና ቱርቦ የሚመረጠውም ለነዛ ሰከንዶች ነው፣ ቶሎ እንዲነሳ የተርባይኑ ቤት ጠበብ ይደረጋል፣ አደባባይ ዞረህ ስትወጣ ቶሎ እንዲነፋልህ። አውሮፕላን አደባባይ የለውም። ሞተሩ 6000 ላይ ይገባል፣ በማርሽ ወደ 2700 ገደማ ወርዶ ፕሮፔለሩን ያዞራል፣ እዛው ይቆያል። ቱርቦው ለመነሳት ሁለት ሰከንድ ዘገየ አልዘገየ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ጠባቡ ቤት የሚሰጠው ጥቅም ባዶ ነው፣ ጉዳቱ ግን ሙሉ ነው፣ ጭሱን ያፍነዋል፣ የታፈነው ጭስ ተመልሶ ከሚገባው አየር ጋር ይደባለቃል፣ የ13ቢ መግቢያና መውጫ ደግሞ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበት ስላለ ይሄ በቀጥታ ይጎዳዋል፣ አየሩን ያሞቀዋል፣ ወደ ማንኳኳት ይገፋዋል።

ሽማግሌው ሮታሪ አንድም ቀን አልሠሩም፣ አውሮፕላንም አልሠሩም። እኔ ግን ያን ሁሉ ወረቀት ይዤ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ነው በአንድ አፍ ያወጡት፣ ስንት ይሰጣል ሳይሆን ስንት ሰዓት ይቆያል። ለዚህ ነው እኔ የመጽሐፍ ሰውና የእጅ ሰው ሳይገናኙ ሲቀሩ ሚቆጨኝ፣ ከአምስት ኪሎ ተክለሃይማኖት ሩቅ አይደለም፣ የኢንጂነሪንግ ልጆች ግን ስንቶቻችን ነን እዛ ሄደን የተሰነጠቀ ብረት በእጃችን ያየን?

ሌላም ያረጋገጡልኝ ነገር አለ፣ የቤቱ ብረት። ተራ ጊዛ ለዚህ እሳት አይሆንም፣ ኒኬል የበዛበት ጊዛ ወይም ሙቀት የሚችል ስቴንለስ ስቲል መሆን አለበት፣ የሚሽከረከረው የተርባይኑ ክፍልም እንደ ኢንኮኔል ካለ የኒኬል ቅይጥ። ዘንጉ የሚዞርበትን በተመለከተ እኔ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራውን ተራ ቡሽ እመርጣለሁ፣ ባለ ኩሽኔታው ቶሎ ይነሳል ግን ቶሎ መነሳቱን ማን ፈለገው፣ ተራው ቢያልቅ ኪት ገዝተህ ታድሰዋለህ። መሃሉ ግን የግድ ውሃ የሚዞርበት ይሁን፣ አርፈህ ሞተር ስታጠፋ የቀረው ሙቀት ዘይቱን አንድዶ ከሰል እንዳያደርገው።

ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር

ከዛ ቤቴ ገብቼ ስሌቱን በአዲስ መልክ ጀመርኩ። 13ቢ በ6000 ዙር ሙሉ በሙሉ ቢሞላ በደቂቃ 7.85 ሜትር ኩብ አየር ይስባል፣ ግፊቱ እንደ ባህር ወለል ሆኖ አየሩ 50 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይሄ ወደ 8.6 ኪሎ አየር ይሆናል። ይሄ ቁጥር አይቀየርም፣ ሞተሩ ሚፈልገው ሁሌም 8.6 ኪሎ ነው። የሚቀየረው ቱርቦው ያንን 8.6 ኪሎ ለማግኘት ምን ያህል ቀጭን አየር መዋጥ አለበት የሚለው ነው። ባህር ወለል ላይ 7 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። እዚህ አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ 9.5። ፓይክስ ፒክ ከፍታ ላይ፣ 4300 ሜትር፣ ወደ 11። 5500 ሜትር ላይ ከ12 በላይ። ግፊቱንም ታች ምንም ያህል ማሳደግ የለበትም፣ 4300 ላይ ግን 1.7 እጥፍ፣ 5500 ላይ ሁለት እጥፍ፣ የቱቦና የፊልተር ኪሳራ ሳይጨመር።

በየኮምፕረሰሩ ካርታ ላይ እነዚህን ነጥቦች ስታገናኛቸው ከታች ወደ ቀኝና ወደ ላይ የምትወጣ መስመር ታገኛለህ፣ ምርጫው እዛ ላይ ነው ያለው። ትንሽ የመኪና ቱርቦ ታች መሃል ለመሃል ይቀመጣል፣ ደስ ይላል፣ አውሮፕላኑ በወጣ ቁጥር ግን መስመሩ ከካርታው ጠርዝ ይወጣል፣ ዘንጉ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ አየሩን ከመጭመቅ ይልቅ ማሞቅ ይሆናል ሥራው። በጣም ትልቁ ደግሞ በግራ በኩል አየሩ ወደ ኋላ የሚመለስበት መስመር አለ፣ እዛ ውስጥ ይገባል። የ500 ፈረሱ ቱርቦ ኮምፕረሰሩ ለኛ መስመር ያን ያህል መጥፎ አልነበረም እንደውም፣ የወደቀው በሙቁ፣ በተርባይኑ በኩል ነው፣ ቤቱ ጠባብ፣ ዌስትጌቱ (የበዛውን ጭስ በተርባይኑ ጎን የሚያሳልፈው በር) ውስጡ ያለ ትንሽ ቀዳዳ፣ የሮታሪን ጭስ ሊያስተነፍስ የማይችል።

እዚህ ላይ ለጓደኛዬ ያቀረብኩለት ጥያቄ "ኦክስጅን ትይዛለህ?" የሚል ነው። በአሜሪካ ሕግ ፓይለት ከ12500 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ከ14000 ጫማ በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ኦክስጅን መጠቀም አለበት። አልይዝም አለኝ። 14000 ጫማ ማለት 4300 ሜትር ገደማ ነው፣ የሞስ ተራራ ልክ። ስለዚህ ቱርቦው ምርጥ የሚሆንበት ቦታ ከ3000 እስከ 4300 ሜትር ይሁን፣ ለማይሄድበት ሰማይ ትልቅ ዕቃ ተሸክሞ አይዙር ብለን ተስማማን።

ቢሰበርስ

አሁን ወደምፈራው ነገር ልምጣ። የመኪና ዌስትጌት ስፕሪንጉ ዘግቶ ነው ሚይዘው፣ የሚከፍተው በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ግፊት ነው። ቱቦው ቢወልቅ በሩ ተዘግቶ ይቀራል፣ ቱርቦው ያለ ልጓም ይነፋል። መኪና ላይ እግርህን ታነሳለህ። ስትነሳ ግን፣ ከስርህ ዛፍ እያለ፣ እግር አይነሳም። ካልጠገቡ አይዘሉ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባል የለ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ የሚጠግብበትን መንገድ ከመነሻው መዝጋት ነው። በፋብሪካ በሚሠሩ ቱርቦ ያላቸው አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ጊዜ የተለመደው ተቃራኒው ነው፣ ስፕሪንጉ በሩን ይከፍታል፣ የሞተር ዘይት ግፊት ነው የሚዘጋው፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ በሩ ይከፈታል፣ ቱርቦው ይደክማል፣ አንተ ጉልበት ያነሰው ግን ጤነኛ ሞተር ይዘህ ትቀራለህ። ጓደኛዬም በዚህ መንገድ ነው ሚሠራው።

ሌላው የመኪናው ዌስትጌት ችግር ግፊትን የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያወዳደረ መሆኑ ነው። 4300 ሜትር ላይ የባህር ወለል ግፊት እንዲሰጥህ ልዩነቱን 0.42 ባር ላይ ብታስረው፣ ያው ስፕሪንግ ባህር ወለል ድረስ ስትወርድ 1.43 ባር ይሰጥሃል፣ ማለት እየወረድክ እየጠቀጠቅከው ነው። ስለዚህ ውስጡ የታሸገ ካፕሱል ያለው፣ ከውጭው አየር ጋር ሳያወዳድር ግፊቱን ብቻውን የሚለካ መቆጣጠሪያ የግድ ነው።

ዘይቱም አለ። ከቱርቦ የሚወርደው ዘይት በራሱ ክብደት ነው ሚወርደው፣ አውሮፕላን ኮፈን ውስጥ ደግሞ ቱርቦው ብዙ ጊዜ ታች ነው ሚቀመጠው፣ ከዘይት ቋቱ ልክ ወይም ከዛ በታች፣ ስለዚህ መልሶ የሚስብ ትንሽ ፖምፓ ያስፈልጋል፣ ያለዛ ዘይቱ በማሸጊያው አልፎ ወደ ቀላው ብረት ይሄዳል። ሮታሪ ሮተሮቹን የሚያቀዘቅዘው በዘይት መሆኑን አትርሱ፣ ዘይት አለቀ ማለት ሞተር አለቀ ማለት ነው።

የጭስ ቱቦ መያዣ ክላምፕም እንዲሁ። በፈረንጅ 2023 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ቱርቦ ያላቸው የፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ያሉ፣ በነጥብ ብየዳ የተሠሩ ቪባንድ ክላምፖች 500 ሰዓት ከሠሩ በኋላ እንዲጣሉ አዟል፣ ምክንያቱም ሲሰበሩ ያ የጋለ ጭስ ኮፈኑ ውስጥ ይለቀቃል፣ እዛ የነዳጅ ቱቦ አለ። ቤት የተሠራ አውሮፕላን ያ ትዕዛዝ አይመለከተውም ይሆናል፣ እሳቱ ግን ይመለከተዋል።

በመጨረሻ የመረጠው ሰፋ ያለ ቤት ያለው፣ ኒኬል የበዛበት ጊዛ፣ መሃሉ ውሃ የሚዞርበት፣ ዌስትጌቱ ለብቻው የሆነ ነው። ከተርባይኑ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ገብቶለታል፣ ቱርቦው ቢቆም ሞተሩ በቀጥታ ከውጭ እንዲተነፍስ የሚከፈት በርም አለው። አሁን ምንከራከረው ተጨምቆ የጋለውን አየር በሚያበርደው ኢንተርኩለር ላይ ነው። 4300 ሜትር ላይ ውጩ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ቢሆንም አየሩ ተጨምቆ ሲወጣ 50 ምናምን ይደርሳል፣ በበጋ ቀን ታች ሆኖ ደግሞ ከዛም ሊብስ ይችላል፣ ስለዚህ እኔ ኢንተርኩለር ይኑር ባይ ነኝ። እሱ ክብደቱንና የቱቦ መገጣጠሚያውን ብዛት ይፈራል፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ የሚችል ነገር ነው ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። መጀመሪያ ያለሱ መሬት ላይ አስነስቶ የመግቢያውን ሙቀት በደንብ ይለካል፣ ቁጥሩን ሲልክልኝ ይዤው ተክለሃይማኖት እወርዳለሁ።